ሞራው እስኪበስል

ቧንቧውን ልትከፍት እጇን እንደዘረጋች ነው የሰማችው። የመታጠቢያ ቤቱንና የወንድሟን መኝታ ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለሆነ፣ ወዲያ ማዶ ያነጠሰውን ወዲህ ማዶ ያለው “ይማርህ” ይለዋል።

“አትጨነቂ፣ ጨርሼዋለሁ” ይላል ወንድሟ። “የሥራ መሪዋን ትናንት አግኝቼ አነጋግሬዋለሁ። ዛሬ የመልቀቂያ ወረቀቱን ያስፈርማታል፤ ከነገ ጀምሮ ቤት ናት።”

“እሺ ትላለች ብለህ ነው?” ሚስቱ ናት።

“ምን ምርጫ አላት? ዓይኗ አያይ፣ ልቧ አያስታውስ። ቤት ተቀምጣ እናትሽን ብትጠብቅልን ለእሷም ክብር ነው። አንቺም ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ።”

“እሱስ እውነትህን ነው። ደግሞ አመሏም እኮ ብሷል ሰሞኑን። ትናንት በባዶ ነገር ስታለቅስ አገኘኋት።”

“እርጅና ነዋ። ሞራውም ገና አልበሰለም። ሲበስል እናስወጣላታለን።”

እጇ ቧንቧው ላይ ቀረ። ሰው በሚኖርበት ቤት ስለ ራሱ ሲዶለት ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣበት ንዴት አይመስላችሁ፤ እፍረት ነው። የሰረቀች ያህል ተሸማቀቀች። ቧንቧውን ብትከፍተው መስማቷን ያውቁባታል፤ ስለዚህ ፊቷን ሳትታጠብ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ወጣች። እስቲ ልብ በሉ፤ የበደሏት አልጋቸው ላይ ይንጠራራሉ፣ የተበደለችው በጣቷ ጫፍ ትሄዳለች!

ወንድሟ ታናሿ ነው። መንገዱ ማዕዘን ላይ መድኃኒት ቤት አለው። ነጭ ጋውኑን ለብሶ ከባንኮኒው ኋላ ሲቆም ደንበኞቹ “ዶክተር” ይሉታል፤ አያርማቸውም። ለውጭ ሰው ትዕግሥቱ አያልቅም፤ የማያውቀው ሰው ልጅ አሳለው ብሎ ሲመጣ እንኳ በርከክ ብሎ የሕፃኑን ጉሮሮ ያያል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም። ያስተማረችው እሷ ናት፣ በመርፌና በክር። ይህን እሷ አንስታው አታውቅም፤ እሱም እንዳይነሳ ይጠነቀቃል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው ዓይኗ አሸዋ የገባበት ይመስል መቆርቆር የጀመረው። ፀሐይ ያንጸባርቅባታል፣ መብራት ይበተንባታል። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆማ አየችው፤ ከጥቁሩ ጠርዝ ላይ፣ በዚህም በዚያም ወገን፣ ነጭ ነገር እንደ ሻሽ ጫፍ ብቅ ብሏል። መድኃኒት ቤት ሄዳ ለወንድሟ ነገረችው። እሱ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ የሌላ ሰው እንክብል እያሸገ ነበር። ቀና አለ፣ ከዚያው ሆኖ አያት፣ “ሞራ ነው፣ ይብሰል” አላት። በቃ። ያ ቃል የቤቱ ሕግ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ “ሞራዋ እስኪበስል ነው” ይባላል፣ ጎረቤት ሲጠይቅ “ገና አልበሰለም” ይባላል። አጥንቷን ሲቆረጥማት ደግሞ ካልሲየም የሚባል ነጭ እንክብል በትልቅ ብልቃጥ አመጣላት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ካለቀ በራሱ እጅ ይተካዋል፤ ዋጋውን ጠይቆም አያውቅ። ደግ አደረገ ብላ ስንቴ መርቃዋለች። አንዴ ብቻ፣ “ሌላ ሐኪም ዘንድ ብታይስ?” ብትለው ፊቱ ጠቆረ። “እኔ እያለሁ? የባለ መድኃኒት ቤቱ እህት ሰልፍ ላይ ብትታይ ሰው ምን ይላል?” አላት። እንዳይከፋው ብላ ተወችው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እሷ መቼ ደበቀች? የዛሬ ሦስት ዓመት የኩላሊት ጠጠር መሬት ላይ ሲያንከባልላት ለሆስፒታሉ ተናገረች፤ ጠጠሩ ወጣ፣ “ውሃ ጠጪ” ብለው ሰደዷት። አጥንቷን ለአጥንት ሐኪም ተናገረች፤ “ዕድሜ ነው” አላት፤ ያኔ ሃምሳ ዓመቷ ነበር። ድካሟንና መርሳቷን ለቤተሰቧ ተናገረች፤ “አመል ነው” ተባለች። አንዷን ሴትዮ ቆራርጠው ተከፋፈሏት እንጂ፣ ገጣጥሞ ያያት አልነበረም።

ከመውጣቷ በፊት እንደ ልማዷ የወንድሟን አማት ልትሰናበት ገባች። አሮጊቷ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም፤ ክፍላቸው ከእሷ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ የሁለቱም መስኮት የሚያየው የጎረቤትን ግንብ ነው። ጆሯቸው ግን እንደ ልጃገረድ ጆሮ ነው።

“መጣሽ፣ የውሃ ጉድጓዷ” አሏት። “ዛሬ ሌሊት አምስቴ ተነሣሽ። ቆጥሬሻለሁ።”

“አስቸገርኩዎ፣ እማማ?”

“እኔማ ምን ሥራ አለኝ፣ ስቆጥር ነው የማድረው። ግን እኮ ይሄ ጤና አይደለም፤ ለልጄም ነግሬያታለሁ፣ ለባሏም ነግሬዋለሁ። ‘ሴትዮዋን ስለ ጥሟ ጠይቋት’ ብላቸው፣ ‘እርስዎ ይተኙ’ አሉኝ።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ዛሬ ሊያስቀሩሽ ነው አይደል? ሰምቻለሁ። በእኔ እያመካኙ ነው። ልጄ፣ እኔ ጠባቂ ስጡኝ አላልኩም” አሏት።

ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለችላቸው፣ ውሃቸውን እጃቸው ከሚደርስበት አኖረችላቸው። የካልሲየሙን ብልቃጥ ከራሷ ጠረጴዛ አንስታ፣ የጠዋቱን እንክብል ለመዋጥ ጊዜ ስላልነበራት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

የምትሠራበት ስፌት ቤት ከአንድ የቀለም መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሃያ ሁለት የስፌት መኪና አለው፤ ሁሉም ባንድነት ሲነሱ ወለሉ ከእግር ጣት እስከ ጥርስ ይነዝራል። እዚያ ቤት ሰው የሚጠራው በሥራው ነው፤ ቆራጩ፣ የጨርቅ ጠርዝ የምትቋጨው ኦቨርሎኳ፣ ባለ ካውያው። እሷ ደግሞ እትዬ ቁልፍ ናት። ሥራዋ ጨርቁን ከቁልፉ ማጋጠም ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ ቀላል ግን አይደለም። ለተራ ሰው ነጭ አንድ ነው። ለእሷ ስድስት ነው፤ የወተት፣ የኖራ፣ የአጥንት፣ የጥርስ፣ የዱቄትና የበረዶ ነጭ። የወተት ነጭ ሸሚዝ ላይ የአጥንት ነጭ ቁልፍ ከተተከለ፣ ለባሹ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሸሚዙ ያረጀ ይመስለዋል። ጨርቁን ይዛ ፀሐይ በቀጥታ ወደማይገባበት መስኮት ትሄዳለች፣ ቁልፉን ከላዩ ታኖራለች፣ ዓይኗን ጨፍና ድንገት ትገልጣለች፤ ቁልፉ ወዲያው ከታያት አይሆንም፣ ፈልጋ ካገኘችው ይሆናል። ይህን ያስተማራት የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ እጅና ዓይኗ የደረሱበት ጥበብ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን አጠፋች። ለሆቴል አስተናጋጆች የተሰፋ ሦስት መቶ ሸሚዝ፣ ግማሹ በወተት ነጭ፣ ግማሹ በአጥንት ነጭ ቁልፍ ተተክሎ ወጣ። ሆቴሉ መለሰው። አሁን በካርቶን ታጭቆ ደረጃው ራስ ላይ ተቆልሏል፤ የሚወጣ የሚወርደው ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

የሥራ መሪው በር ላይ ጠበቃት። አንድም ሰው ለክቶ የማያውቅ ሲሆን፣ ሜትር አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል አይውልም።

“እንዴት አደሩ፣ እትዬ?” አላት። ሃያ ዓመት ሙሉ “አንቺ” ሲላት ኖሮ ዛሬ “እርስዎ” ሲላት ነገሩ ማለቁ ገባት። የመስታወት ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ ወንበር ሳበላት፤ ይህም አዲስ ነው። ወረቀቱ ተጽፎ ተተይቦ ነበር፤ “በጤንነቴ ምክንያት በገዛ ፈቃዴ” ይላል። የገዛ ፈቃዷን ሰው ተይቦ ሲሰጣት ይኸው አየች።

“ወንድምዎ በሚገባ አስረድቶናል። ለእርስዎም እረፍት ነው። እንደ ቤተሰብ ነው ያየነው።”

“የትኛው ቤተሰብ?” አለች።

“እህ?”

“ምንም። እስከ ማታ ላስብበት።”

“የሚታሰብ ነገር የለውም እኮ፣ እትዬ...”

“እስከ ማታ” አለችና ተነሣች።

ባለ ካውያው ከጥግ ሆኖ የእንፋሎት ካውያውን ሆድ ከፍቶ በኮምጣጤ ያጥባል። ውሃው ሲፈላ ሲፈላ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ስለሚጋግር በየሳምንቱ ካላጸዳው ሸሚዝ ላይ ነጭ ይተፋበታል። ሽማግሌ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ፊቷን አይቶ ግን አልቀለደም።

“ሊያስወጡሽ ነው?”

“በገዛ ፈቃዴ፤ ወንድሜ መጥቶ ነግሯቸዋል” አለችው።

“ዓይንሽ እንዲህ እስኪሆን ለምን ዝም አልሽ?”

“ሞራው ይብሰል ተብሎ ነዋ።”

“ምን ሞራ እንደ ማንጎ ይበስላል? ሁለት ዓመት! ማንጎውስ ቢሆን በስብሶ ይወድቅ ነበር።” ኮምጣጤውን አራግፎ በጨርቅ እጁን ጠረገ። “ስሚኝ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። የዓይን ክሊኒኩ ሁለት ፌርማታ ነው፤ ማለዳ የደረሰን ሁሉ ያያሉ። ሂጂ። የጠየቀኝ ካለ ክር ልትገዛ ወጣች እላለሁ።”

“ወንድሜ ቢሰማ...”

“ወንድምሽ አንቺን ሳያማክር አሠሪሽን አማከረ። አንቺ እሱን ሳታማክሪ ሐኪም ብታማክሪ ምኑ ላይ ነው ነውሩ?”

ይህ ነገር ደረቷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ነጠላ ጫማዋን በመንገድ ጫማ ቀይራ፣ በነዚያ ካርቶኖች አጠገብ አልፋ፣ ደረጃውን ወረደች።

ክሊኒኩ ረጅም ኮሪደር ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ ብዙ ሰው ተቀምጦበት መሃሉ ጎድጉዷል። ቁጥሯ ስልሳ አራት ነበር። ዓይኑን በእጁ የሸፈነ፣ አንገቱን ያዘነበለ፣ ልጁ እጁን ይዞ የሚመራው፣ ሁሉም ዓይነት ሰው አለ። አጠገቧ የተቀመጠ ሾፌር፣ “እኔ እንኳ ሁለቱም ዓይኔ ደህና ነው፤ ሚስቴ ‘አታየኝም’ ስላለች ነው የመጣሁት” ብሎ ሰልፉን ሁሉ አሳቀው። እሷም ሳቀች፤ ከሳቀች መቆየቷን ያወቀችው ጉንጯ ሲያማት ነው። የምታፍርበት ሰው ባይኖርም፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚያውቃት ሰው ይገባ ይሆን እያለች ትሳቀቃለች። የባለ መድኃኒት ቤቱ እህት ሰልፍ ላይ! እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ተጠራች።

ሐኪሟ ለጋ ሴት ናት፤ ድካም ከዓይኗ ሥር ተቀምጧል፣ አነጋገሯ ግን አልደከመም። “እናቴ፣ አገጭዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ፤ ግንባርዎን ያስጠጉ” አለቻት። ቀጭን የብርሃን ሰረዝ ከጎን በኩል መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሰው ፊት እንዲህ ወደ ዓይኗ ቀርቦ አያውቅም፤ የሐኪሟ ትንፋሽ ይሰማታል። ሐኪሟ አየች፣ ወደ ሌላው ዓይን ዞረች፣ ተመልሳ የመጀመሪያውን አየች። እትዬ ቁልፍ ፈራች።

“ሞራው በስሏል?” አለች።

“ሞራ ነው ያለዎት ማን ነው?”

“ወንድሜ። መድኃኒት ቤት አለው።”

“በመብራት አይቶ?”

“ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ።”

ሐኪሟ ብርሃኑን አጠፋችና ወንበሯን ወደ እሷ ሳበች። “እናቴ፣ ሞራ የሚሠራው ከውስጥ ነው፣ ከብሌኑ ኋላ። የእርስዎ ነጩ ነገር ከላይ ነው፣ ከፊት መስታወቱ ላይ። ዓይንዎን ሰዓት ነው ብለን ብናስብ፣ ከሦስትና ከዘጠኝ ቁጥር ተነሥቶ ወደ መሃል እየመጣ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውሃ ሲፈላበት ሲፈላበት የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቁታል?”

“የካውያ ቅርፊት” አለች።

“ጎሽ። እንደዚያ ነው። ካልሲየም ነው።”

“ካልሲየም?” እጇ ሳታዝዘው ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። ብልቃጡን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እንክብሎቹ ተንኮሻኮሹ። “ይኼ?”

ሐኪሟ ብልቃጡን አንስታ ጽሑፉን አነበበች፤ ከንፈሯን ነከሰች። “ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው የሚወስዱት?”

“ሁለት ዓመት። አጥንቴን ስለሚያመኝ።”

“እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ስለ ዓይንዎ አይደለም። የኩላሊት ጠጠር ይዞዎት ያውቃል?”

እትዬ ቁልፍ ቀና አለች። “ማን ነገረሽ?”

“ውሃ ይጠማዎታል? ሌሊት ደጋግመው ይነሣሉ?”

“አምስቴ” አለች። እማማ ቆጥረውላታል።

“ሆድ ድርቀት? መርሳት? ያለ ምክንያት መከፋት፣ ማልቀስ?”

“የኔ ልጅ፣ አንቺ ሐኪም ነሽ ወይስ ጠንቋይ?”

ሐኪሟ አልሳቀችም። በወረቀት ላይ አንገት ሣለች፤ ከእንቅርት ዕጢው ጀርባ አራት ነጠብጣብ አኖረች። “እነዚህ አራት ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው፤ የምስር ፍሬ ቢያክሉ ነው። በሚያመነጩት ሆርሞን ደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን ይጠብቃሉ። አንዷ ካበጠችና ሥራዋን ካበዛች ግን ካልሲየሙን ከአጥንት እየሸረሸረች ወደ ደም ትለቀዋለች። አጥንት ይሳሳል፣ ያማል። ደም ደግሞ የተረፈውን የትም ይጥለዋል፤ ኩላሊት ላይ ጠጠር ይሆናል፣ ዓይን ላይ ይኼ ይሆናል። ገና ነው፣ በደም እናረጋግጣለን፤ የዓይኑ ብቻ ቢሆን ሌላም ምክንያት ይኖረዋል። እንክብሉን ግን ከዛሬ ጀምሮ አይውሰዱ።”

ደም ሰጠች። ኮሪደሩ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሆና አንድ ነገር ብቻ ነው የምታስበው፤ ሞልቶ የፈሰሰባትን ነገር፣ ጎደለሽ ብለው ጠዋት ማታ ሲያጠጧት ነው የኖሩት። እሷም አመስግና ነው የዋጠችው። “እግዜር ይስጥህ” እያለች።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ራሷ ኮሪደሩ ድረስ ወጥታ ጠራቻት። ካልሲየሙ ከፍ ብሏል፤ በጣም። የሆርሞኑ ምርመራ ጥቂት ቀን ይፈጃል፣ ግን መንገዱ ይኸው ነው አለቻት። ዛሬውኑ ለውስጥ ደዌ ሐኪም ወረቀት ጻፈችላት፣ ስልክ ደውላ ለከነገ ወዲያ ቀጠሮ አስያዘችላት። ዕጢዋ ከሆነች በቀዶ ጥገና ትወጣለች፤ ደሙ ሲስተካከል የዓይኑን ቅርፊት በመድኃኒት አሟሙተው ይጠርጉታል።

“ካውያው በኮምጣጤ እንደሚጠረገው?”

“ከኮምጣጤ ሻል ባለ ነገር” አለች ሐኪሟ፣ አሁን ፈገግ ብላ። “ሥራዎ ምንድን ነው?”

“ነጭን ከነጭ መለየት።”

“ብዙ ሰው ከተጠረገለት በኋላ በደንብ ያያል። ቃል አልገባልዎትም፣ ግን ተስፋ አለኝ። ሌላ ሁለት ዓመት ቢጠብቁ ኖሮ ግን ለዓይኑም ለኩላሊቱም እፈራ ነበር።”

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አመሌስ?”

“አመልዎ ምን ሆነ?”

“ብሷል ይላሉ።”

“ካልሲየም ሲበዛ ሰው ይከፋዋል፣ ይደክመዋል፣ ይረሳል። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።”

ወጥታ መንገዱ ዳር ቆመች። ፀሐዩ እንደ ወትሮው ተበተነባት። አመሏ እንኳ የራሷ አልነበረም! ሁለት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ስትጠይቅበት የኖረችው ነገር፣ ስላለቀሰች ይቅርታ፣ ስለረሳች ይቅርታ፣ ሌሊት ውሃ ስለቀዳች ይቅርታ። ለማወቅ የፈጀው አንድ መብራትና ስድስት ጥያቄ ነው። ስድስት! ወንድሟ ለማንኛውም መንገደኛ ከባንኮኒው ላይ ተደግፎ ከዚያ የበለጠ ይጠይቃል። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀ፣ ወደ ፊቷ ወጣ። ይሄኛውን ታውቀዋለች፤ ይሄኛው ንዴት ከደም አልመጣም፣ የራሷ ነው። እንደጠፋ ዕቃ አቀፈችው።

ስፌት ቤቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደረሰች። ወረቀቱ ከነእስክሪብቶው ይጠብቃታል።

“ክሩ ተገኘ?” አላት የሥራ መሪው፣ እያሾፈ።

“ተገኘ” አለችና የሐኪሟን ወረቀት ከዚያኛው ላይ ደረበችበት። “ታምሜአለሁ፤ ልታከም ነው፣ ተመልሼም እገባለሁ። ሸሚዞቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሰበብ አላበጅም። ቁልፎቹን ነገ ራሴ መፍታት እጀምራለሁ፤ ነጩን ባለ ካውያው ያይልኛል።”

“ወንድምሽ እኮ...” የወትሮዋ “አንቺ” ተመለሰች፤ ደስ አላት።

“ወንድሜ እዚህ ቤት ተቀጥሯል?”

“ኧረ...”

“ፊርማው የማን ነው?”

“ያንቺ።”

“እንግዲያው እኔን ጠይቀኝ።”

መኪናዎቹ ቆመው ነበር፤ ሃያ ሁለቱም። ማንም ሥራውን አጥፎ የሄደ የለም። ባለ ካውያው ከጥጉ ሆኖ፣ “ዓይኔን በነፃ ነው የማውሳት፤ ከኔ በኩል ደሞዝ አይጠየቅም” ሲል ኦቨርሎኳ በሳቅ ፈነዳች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። የሥራ መሪው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ ጠቀለለው፣ ፈታው። በመጨረሻ ያልተፈረመውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ባይቀደውም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ጋውኑን እንደለበሰ ሳሎን ተቀምጦ እግሩን ያሻል። ሚስቱ የልብስ ቅርጫት ይዛ ቆማለች። ሁለቱም ፊቷን አዩ፤ ፈርማ የመጣች ሴት ፊት እየፈለጉ ነበር።

“እንኳን ደህና መጣሽ፣ እትዬ። ተገላገልሽ?” አለ።

ብልቃጡን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ ፊቱ አኖረችው። ከጎኑ የደም ውጤቱን ዘረጋች። ወረቀቱን ያነሣው እንደ ልማዱ፣ ደንበኛ እንዳመጣለት ማዘዣ በሁለት ጣቱ ይዞ ነው። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ማንበብ አያውቅም እንዳይባል፣ ያውቃል። ከወረቀቱ ወደ ብልቃጡ፣ ከብልቃጡ ወደ ወረቀቱ ተመላለሰ። ሚስቱ፣ “ምንድን ነው?” አለችው።

“እኔ... ላንቺ ብዬ ነው” አላት እህቱን።

“አውቃለሁ።”

“አጥንት ላመመው ሁሉ የሚሰጥ ነው እኮ። ማንም ቢሆን ይሰጥሽ ነበር።”

“እንክብሉን አይደለም የምልህ። ሰው ይሳሳታል። ‘ሌላ ይየኝ’ ስልህ ስምህን አስቀደምክ። ትናንት ደግሞ ‘ዓይኗ አያይም’ ብለህ እንጀራዬን ልትቆርጥ ሄድክ። ጠዋት ቧንቧው ጋ ቆሜ ነበር።”

ሚስቱ ቅርጫቱን ቀስ ብላ መሬት አኖረች። እሱ ምን እንደሚያደርግ ሲጠፋው፣ እጁ የለመደውን ሠራ፤ የብልቃጡን ክዳን አጥብቆ ዘጋና ቦርሳው ውስጥ፣ ወደ ሱቅ ከሚመለሱት ዕቃዎች ጋር ሊከተው አነሣው።

“የተከፈተ ነው” አለችው እትዬ ቁልፍ። “ማን ይገዛልሃል?”

እጁ አየር ላይ ቀረ። ብልቃጡን መልሶ አኖረና ከጋውኑ ኪስ ትንሿን ባትሪ አወጣ፤ የሕፃናትን ጉሮሮ የሚያይባትን። ተነሥቶ መጣ። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ፊቷ አስጠጋ፣ ብርሃኑን ከጎን በኩል አበራ። እንደ ልጅነቱ ይተነፍሳል፣ በአፉ። ነጩን አየው። “ይኼማ...” አለ።

ዓይኗን ጨፈነችበት።

“በቃህ” አለች። “የሚያይልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ነገ ሁለት ሰዓት ሥራ እገባለሁ። ከነገ ወዲያ ቀጠሮ አለኝ። እማማን ማን እንደሚጠብቅ ሁለታችሁ ተነጋገሩ፤ በኮምፔንሳቶው በኩል ሳይሆን እሳቸው ፊት።”

እሱ ባትሪዋን አላጠፋም፤ ብርሃኗ ጋውኑ ላይ ወደቀች። እትዬ ቁልፍ በአጠገቡ ስታልፍ ዓይኗን ገለጠችና፣ ሳታስበው፣ የጋውኑን ቁልፍ አየች። የኖራ ነጭ ጋውን ላይ የጥርስ ነጭ ቁልፍ። ማን እንደተከለው አታውቅም፤ እሷ አይደለችም።

ከወዲያኛው ክፍል የእማማ ድምፅ መጣ።

“የውሃ ጉድጓዷ ገባች? ምን አሉሽ?”

“መጣሁ፣ እማማ” አለች። “እርስዎ የቆጠሩት ልክ ነው አሉኝ።”